ባቡር የሚጠበቅበት ሐራ፤ የመሬቱ ውሳኔ የማን ነው?

ከወልዲያ ወደ አፋር ቆላ የሚያመራው መንገድ የየጁን ዳገት ከኋላው ጥሎ ሲወርድ ሐራ ላይ ሜዳ ያገኛል። ደገኛው እህሉን፣ ቆለኛው ፍየሉንና ግመሉን ይዞ የሚገናኝባት ይህች አካባቢ በሀገሪቱ የመሠረተ ልማት ካርታ ላይ የሰፈረችውም ከነገበያዋ ነው፤ በባቡር መስመሩ ዕቅድ መጠሪያዋ «ሐራ ገበያ» ነው። ሁለት ትልልቅ መስመሮች እዚህ እንዲጋጠሙ ታስቧል። አንደኛው ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣውና ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ሲሆን ሁለተኛው ከመቀሌ የሚወርደው የ216 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። በዚህ ላይ በሰመራና በአሳይታ አልፎ ወደ ታጁራ ወደብ የሚዘልቅ ሦስተኛ መስመር ከዚሁ ሥፍራ እንዲነሣ ታቅዶ ነበር። ሐሳቡ በወረቀት እንደሰፈረው ቢፈጸም ሐራ የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የጭነት መተላለፊያ በር ትሆናለች ማለት ነው።

የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር ውል ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ሥራ ተቋራጭ ጋር የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነበር፤ ዋጋውም 1 ነጥብ 7 ቢሊዮን የአሜሪካን ዶላር ነው። ግንባታው በይፋ የተጀመረው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል በብዙ ርቀት ቀድሞ ሄደ፤ ከኮምቦልቻ ወዲህ ያለው ግን ወደኋላ ቀረ። የገንዘብ እጥረት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦት ጥያቄ፣ ቀጥሎም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አካባቢውን ያዳረሰው ጦርነት ተከታትለው መጡበት። ወልዲያና ዙሪያዋ ለወራት የጦር ሜዳ በሆኑበት በዚያ ጊዜ ፕሮጀክቱም ጉዳት ደርሶበታል። የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጭነትና መንገደኛ ሲያመላልስ ሐራ ግን ዛሬም ባቡሯን ትጠብቃለች።

አርሶ አደሩ ማሳውን የለቀቀው ግን ሥራው ሲጀመር ነው። ይህ የጊዜ ልዩነት በከተማ ለሚኖር ሰው የፕሮጀክት መዘግየት ብቻ መስሎ ሊታየው ይችላል። ለሐራ ገበሬ ግን የዓመታት አዝመራ ነው። ስለዚህ በሐራ ስለ ልማት ሲነሣ ባቡሩ መቼ ይደርሳል ከሚለው ጥያቄ ጎን ሌላ፣ ምናልባትም የሚቀድመው ጥያቄ አለ። በዚህ መሬት ላይ የሚወስነው ማን ነው? ወሳኙስ ሲወስን ባለይዞታውን የሚያማክረው ከመወሰኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ይዟል። አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት አድርጎ የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ይላል። በዚያው አንቀጽ አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ተሰጥቶታል፤ በመሬቱ ላይ ለሠራው ቤት፣ ለተከለው ዛፍና ላደረገው ማሻሻያም ሙሉ ባለቤት ነው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ይዞታውን መውሰድ ሲያስፈልገው ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል አለበት። አንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝቦች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92 ይህንኑ ለአካባቢ ጥበቃ ጉዳዮች ይደግመዋል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4ም ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል።

እነዚህ አንቀጾች አንድ ላይ ሲነበቡ የሐራ ገበሬ በመሬቱ ጉዳይ ተመካሪ ብቻ ሳይሆን ተሳታፊ ወሳኝም እንዲሆን የታሰበ ይመስላል። በተግባር የሚታየው ሥርዓት ግን ሌላ ቅርጽ አለው። ቀበሌው ምክር ቤት አለው፤ የራሱ የሆነ በጀት ግን ይህ ነው የሚባል አይደለም። ወረዳው ምክር ቤትም በጀትም አለው፤ ከበጀቱ አብዛኛው ግን ለደመወዝ ይውላል። ዞኑ ደግሞ፣ ሰሜን ወሎ እንደ ዋግ ኽምራ፣ እንደ አዊ ወይም እንደ ኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ስላልሆነ፣ ሕዝቡ የመረጠው ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ አስተዳደር ቅጥያ ነው። እንግዲህ ባቡር፣ አውራ ጎዳና ወይም የኢንቨስትመንት ቦታ የመሰለ ትልቅ የመሬት ጉዳይ ሲመጣ ውሳኔው ከፌዴራል ወይም ከክልል ይወርዳል፤ ቀበሌው የሚያገኘው የአፈጻጸም መመሪያና የስም ዝርዝር ነው።

ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው ግን ይህ ሕዝብ በራሱ መሬት ላይ የመወሰን ልምድ የሌለው አለመሆኑ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የገበሬ ማኅበራት 800 ሄክታር በሚያህል ክልል እንዲደራጁና መሬቱን ራሳቸው እንዲደለድሉ አዞ ነበር። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ነገር ግን በወሎ ያን ያህል መሬት የሚዳረስበት ቀበሌ ማግኘት አይታሰብም ነበር። ማኅበራቱ ብዙም ሳይቆዩ የመንግሥት ትእዛዝ አስፈጻሚ ሆነው ቀሩ። ድልድሉም በየጊዜው ተደጋገመ። ነገ ለሌላ ሊሰጥ የሚችል ማሳ ላይ እርከን የሚሠራ፣ ማንጎ የሚተክል ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ስጋት ለማስቀረት የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገጠር መሬት ምዝገባ አካሄደ። ዛሬ ገበሬው «አረንጓዴ ደብተር» የሚለው የይዞታ ማረጋገጫ የመጣው ያኔ ነው፤ ባልና ሚስት በጋራ ስማቸውም ፎቷቸውም ሰፍሮበታል። ሥራው የተሠራው በቀበሌው ሕዝብ በተመረጡ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴዎች ነበር። ድንበር የሚያውቀው፣ የአዋሳኝ ክርክር የሚፈታው፣ የሟቹን ወራሽ የሚለየው የመንደሩ ሰው ነው፤ ለዚህም ነው ከጥቂት ባለሙያዎች ጋር በአጭር ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሳዎች የተመዘገቡት። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 133/1998ም ዳግም ድልድል እንዲደረግ ከቀበሌው ባለይዞታዎች 80 በመቶው መስማማት እንዳለባቸው ደነገገ። በክልሉ የመሬት ሕግ ታሪክ ለቀበሌ ሕዝብ ከተሰጡት ሥልጣኖች ይህን የሚያህል ማግኘት ያስቸግራል። አዋጁ በ252/2009 ተሻሽሏል፤ በፌዴራል ደረጃም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ወጥቶ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል።

ጎረቤት ከጎረቤት ሲካለል የታመነው ያ ኮሚቴ ግን መንግሥት መሬቱን ሲፈልግ ድምፁ ያን ያህል አይሰማም። ለጋራ አጥር የሚበቃ የመሰለው ሥልጣን ለባቡር ሀዲድ አልበቃም።

የካሳው ጉዳይ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። የባቡር መስመሩ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ተፈጻሚ የነበረው ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ይዞታውን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚከፈለው የመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ለወጠው፤ ምትክ መሬት ያላገኘ ተነሺ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ልዩነቱን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ማሳ ዓመታዊ ገቢ በአምስት ዓመት ውስጥ 20፣ 22፣ 25፣ 28 እና 30 ሺህ ብር ነበር እንበል። አማካዩ 25 ሺህ ስለሆነ በአሮጌው ሕግ ካሳው 250 ሺህ ብር ነው። በአዲሱ ከፍተኛው 30 ሺህ በ15 ተባዝቶ 450 ሺህ ይሆናል። ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት ሀገር የአምስት ዓመት አማካይ መውሰድ ማለት ገበሬውን ባለፈ ዋጋ መካስ ማለት ነበር፤ ሕግ አውጪው ራሱ ይህን ተገንዝቦ አሻሽሎታል። ማሻሻያው ግን ወደኋላ ተመልሶ ቀድሞ የተነሣውን አይደርስም። ያኔ የተከፈለ ገንዘብ ዛሬ ምን ይገዛል የሚለውን የሐራ ገበያ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

በስሌቱ ውስጥ የማይታዩ ነገሮችም አሉ። የዚህ ቆላ ዋና ሰብል ማሽላ ነው። ጅጉርቲና ደጋሊት የሚባሉት የአካባቢ ዝርያዎች ረጅም አገዳ አላቸው፤ ዝናቡ ቀድሞ ከገባ በሚያዝያ ተዘርተው የሚሰበሰቡት ከወራት በኋላ ነው። ከአንድ ማሳ የሚገኘው እህሉ ብቻ አይደለም። አገዳው የበሬና የግመል መኖ ነው፤ የጎጆ ግድግዳና አጥር ነው፤ ማገዶም ነው። በድርቅ ዓመት ፍሬው ቢከዳ እንኳ አገዳው ከብቱን ያሻግራል። የአንድ ማሽላ ማሳ ገቢ በኩንታል እህል ብቻ ቢገመት የገበሬው ኑሮ ጉልህ ክፍል ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል። ይህን የሚያውቀው ቢሮ ውስጥ ያለው ገማች ሳይሆን ማሳው አጠገብ ያለው ሰው ነው፤ ከግምት ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ወንበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የወል መሬት ደግሞ የከፋው ክፍል ነው። የግጦሽ መሬት ደብተር ያለው ሰው የለውም፤ ስለዚህ ፕሮጀክት ሲመጣ የመጀመሪያው ተቆራጭ እርሱ ይሆናል። የከተማ መስፋፋትም ሆነ ሥራ አጥ ወጣቶችን የማደራጀት ዕቅድ ዓይኑን የሚጥለው እዚያው ላይ ነው። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ለወል መሬትም ከሚሰጠው ጥቅም ወይም ከሚቋረጠው መተዳደሪያ ተነሥቶ ካሳ እንዲሰላ ፈቅዷል። ከዚህም አልፎ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ክፍያ እንዲኖር ደንግጓል። የወሎ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ ከቅሬው የተለየ ሰው ቀባሪ፣ ከጅጌው የተለየ ሰው አራሚ የለውም። ሕጉ ቢያንስ ይህን አይቶታል። የቀረው ማን ተምኖ፣ ማን ከፍሎ የሚለው ነው።

ማን ይከፍላል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1336 የካሳ ክፍያን ሸክም ወደ ክልሎች አዙሯል። አንድ ወገን ይህን በጎ አድርጎ ያየዋል፤ መሬት የሚያስተዳድረው ክልሉ ከሆነ ካሳውንም እርሱ ቢይዝ ግምቱ የተጋነነ አይሆንም፣ ፕሮጀክትም በካሳ ክርክር አይቆምም ይላል። ክርክሩ ውኃ የሚያነሣ ነው፤ በሀገሪቱ መንገዶች በካሳ ምክንያት ለዓመታት ሲጓተቱ ታይቷል። ነገር ግን ከጦርነት ገና ያላገገመ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮም በፀጥታ ችግር ውስጥ ያለ ክልል ለፌዴራል ፕሮጀክት ካሳ የሚከፍልበት ካዝና ምን ያህል ሙሉ ነው? ካዝናው ሲጎድል የሚጠብቀው ገበሬው ነው። ከፋዩ ወደ ታች በወረደ ጊዜ ውሳኔው አብሮ ካልወረደ፣ የራስ አስተዳደር ያገኘው ዕዳውን ብቻ ነው።

በዚህ ጥያቄ የሚቸገረው ሐራ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ግዛቶች የሚኖሩት የናቫሆ ሕዝቦች ወደ 70 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን ምድር ያስተዳድራሉ፤ የአማራ ክልልን እኩሌታ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስፋት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረጉት ስምምነት ከስደት ወደ አገራቸው ተመለሱ። የራሳቸው ምክር ቤት፣ ፕሬዚዳንትና ፍርድ ቤት አላቸው። የመሬቱን ባለቤትነት ግን የፌዴራሉ መንግሥት በአደራ ይዞታል፤ ግለሰቡ ቤት የሚሠራበትን ቦታ በሊዝ፣ ከብቱን የሚያሰማራበትን ደግሞ በፈቃድ ያገኛል። መሸጥ አይችልም፤ ከባንክ ለመበደርም ይቸገራል። አንድ የሀብሩ ገበሬ ይህን ቢሰማ ብዙም አይደነቅም።

የናቫሆ ምድር ለሌላው ብዙ ሰጥቷል። ከ500 በላይ የተተዉ የዩራኒየም ማዕድን ጉድጓዶች ዛሬም ያልጸዳ መርዝ ትተው ቀርተዋል። በድንጋይ ከሰል ይሠራ የነበረው ግዙፍ የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2019 እስኪዘጋ ድረስ የአሪዞናን ከተሞች ውኃ ለመግፋት የሚያስችል ኃይል ሲያመርት በዙሪያው የነበሩ ብዙ ቤቶች ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም። ሲዘጋ ደግሞ ደመወዝና የማዕድን ገቢ አብረውት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1868ቱ ስምምነት ለናቫሆ ውኃ የማስገኘት ተግባራዊ ግዴታ የለበትም ብሎ ፈርዷል። መሬቱን በአደራ የያዘው አካል ውኃውን የማምጣት አደራ የለበትም ማለት ነው።

ከናቫሆ ለሐራ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የናቫሆ ምክር ቤት ባወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ፣ 110 የሚሆኑት «ቻፕተር» የሚባሉ የመንደር ጉባኤዎቻቸው የሒሳብ አያያዛቸውን አስተካክለው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ካወጡ በራሳቸው የመወሰን ሥልጣን እንዲሰጣቸው ተደረገ። ቻፕተር በእኛ ቀበሌ ማለት ነው፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ እጅ የሚያወጣበት። ሥልጣኑ የሚሰጠው እንዲያው በችሮታ አይደለም፤ ዕቅድ አዘጋጅቶ፣ ገንዘብ ማስተዳደር እንደሚችል አሳይቶ የሚገኝ ነው። ብዙዎቹ ይህን መስፈርት ለማሟላት ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ የሠለጠነ ባለሙያና ገንዘብ የሌለው መንደር ሕግ ስለወጣለት ብቻ ራሱን አላስተዳደረም። ከሁለቱም፣ ከመንገዱም ከእንቅፋቱም፣ ትምህርት ይገኛል።

ሐራ እንዲህ ያለ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ቢኖራት ምን ይይዝ ነበር? በቅድሚያ የከተማዋን ወሰን። የባቡር ጣቢያ ገና ሳይደርስ ዜናው መሬት ያስወድዳል። የገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ክልል ሲጠቃለል መሬቱ በ2004 ዓ.ም. ወደ ወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ሥርዓት ይገባል፤ የገበሬው አረንጓዴ ደብተር በካሳ ይተካና ቦታው በሊዝ ለሌላ ይተላለፋል። ለገበሬው የተከፈለውና ቦታው በጨረታ ያወጣው ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ እንደሚችል በየከተማው ጠርዝ የታየ ነው። የ2011ዱ አዋጅ ባለይዞታዎች አቅም ካላቸው በፕላኑ መሠረት መሬታቸውን ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ይህ አንቀጽ ለሐራ ገበሬዎች ከካሳው ብር የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በማኅበር ተደራጅተው መጋዘን፣ የእንስሳት ማቆያ፣ የፍራፍሬ ማሸጊያ ቢሠሩ ከባቡሩ የሚገኘው ጥቅም ከእጃቸው አይወጣም። ይህ እንዲሆን ግን ዕቅዱ ከጣቢያው በፊት መድረስ አለበት፤ መዘግየቱ ለሐራ ያተረፈው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ጊዜ ነው።

ከወሰኑ ቀጥሎ ውኃ ይመጣል። ሀብሩ በመስኖ የታወቀ ወረዳ ነው፤ ከመርሳ እስከ ጊራና የሚዘልቀው አካባቢ በፍራፍሬውና በሽንኩርቱ የወልዲያንና የደሴን ገበያ ይመግባል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ከምድር በታች ያለውን ውኃ በጉድጓድ አውጥቶ ለማሳ ለማድረስ ሲሠራ ቆይቷል። ቀድሞ ወንዝ ጠልፎ በሚጠጣው መስኖ ላይ የሚዳኘው የውኃ አባት ነበር፤ ተራ ይሰጣል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ተራ የዘለለውን ይቀጣል። ጉድጓድና ፓምፕ ሲመጡ ግን የውኃው ቁልፍ ከእርሱ እጅ ወጥቶ ወደ ትራንስፎርመሩና ወደ መለዋወጫ ዕቃው ሄደ። በጦርነቱ ወራት ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የወንዝ ቦይ ያለው አጠጣ፤ ፓምፕ የሚጠብቀው ማሳ ደረቀ። ዘመናዊው መስኖ ይቅር የሚል የለም። ነገር ግን ፓምፑ ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ከጉድጓዱ የሚወጣውን መጠን የሚቆጣጠረው የተጠቃሚዎች ማኅበር ገንዘብም ሥልጣንም ከሌለው ውኃው የማንም አይሆንም። የከርሰ ምድር ውኃ እንደ ወል ግጦሽ ነው፤ ጎረቤት በጠለቀ ቁጥር የሌላው ይሸሻል፣ ልዩነቱ አለማየታችን ነው።

የላይኛው ተዳፋትም የዚሁ ሒሳብ አካል ነው። ሐራ የምትጠጣውም የምትጎርፈውም ከጉባ ላፍቶ ጋራዎች ነው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ወጥቶ የሚሠራው እርከንና ክትር ደለሉን ለመያዝ ነው፤ ጉልበቱ የደገኛው፣ ጥቅሙ በአብዛኛው የቆለኛው ይሆናል። ቀበሌ ከቀበሌ፣ ወረዳ ከወረዳ ተፈራርሞ ይህን የሚያካክስበት ሥርዓት ግን እስካሁን የለም። አንዱ ወረዳ ተፋሰሱን ሲያለማ፣ ሌላው ሲሰጥመው የሚያገናኛቸው የዞን ምክር ቤት አለመኖሩ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

በዘሩ በኩል አካባቢው ዕድለኛ ነው። ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ሀብሩ ውስጥ ነው፤ እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉ አቀንጭራን የሚቋቋሙ፣ እንደ ጊራና አንድ ያሉም ለዝናብ አጠር ቆላ የተመረጡ የማሽላ ዝርያዎች ከስሙ ጋር አብረው ይነሣሉ። ማዕከሉ በጦርነቱ ተዘርፏል፤ ለዓመታት የተሰበሰበ የዘር ሀብትና የላቦራቶሪ ዕቃ አጥቷል። ማዕከሉን መልሶ ማቋቋም ለሐራ ገበሬ ከአንድ የመንገድ ፕሮጀክት ያላነሰ ጉዳይ ነው። ገበሬው አጭር የሆኑትን አዳዲስ ዝርያዎች ሙሉ በሙሉ ያልተቀበለበት አንዱ ምክንያትም ከላይ የተነሣው አገዳ ነው፤ እህል ሰጥቶ መኖ የሚነሣ ዘር ከብት ላለው ቤት ግማሽ መፍትሔ ነው።

ቆላው ደግሞ የሐራ ብቻ አይደለም። ከአፋር ጋር የሚዋሰነው ግጦሽ በበጋ የሁለቱም ወገን ከብት ይሰማራበታል። ግጭት ሲነሣ ደም የሚያደርቁት፣ ጉማ የሚያስከፍሉት በወሎ አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ከካርታ በፊት ግጦሹን ማን በየትኛው ወር እንደሚያሰማራ ያስተዳደረው የእነርሱ ስምምነት ነው። መሬት በሳተላይት ምስል ተለክቶ በካርታ ሲሰጥ ይህ የወር ተራ በየትኛው መዝገብ ይሰፍራል? የተለካው ካርታ ቋሚ ድንበር እንጂ ወቅት አያውቅም። በዚህ ላይ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በሀብሩ ወረዳ ጃራ መጠለያ ለዓመታት ቆይተዋል። ማረሻ የሚያውቅ፣ መሬት ግን የሌለው ሕዝብ ነው። እንግዳን ተቀብሎ ያስተናገደ ቀበሌ የወል መሬቱ ላይ፣ ውኃው ላይ፣ ማገዶው ላይ ያረፈውን ጫና ብቻውን እንዲሸከም መተው ለሁለቱም አይበጅም፤ የተፈናቀሉትም ወደ ቀያቸው በሰላም የመመለስ ወይም በሕጋዊ መንገድ የመቋቋም መብታቸው በመጠለያ ድንኳን ውስጥ ሊያረጅ አይገባም።

ይህ ሁሉ ሲደማመር ቅደም ተከተሉ ከተለመደው ይለያል። ዕቅድ አውጪዎች የሚጀምሩት ከባቡሩ ነው፤ ከዚያ ከተማው፣ ከዚያ ኢንዱስትሪው፣ ገበሬው በመጨረሻ። የሐራ ሁኔታ ግን ተቃራኒውን ይጠይቃል። የወል መሬት በስም፣ በወሰንና በተጠቃሚ ተመዝግቦ ደብተር ያግኝ፤ ይህ ለግለሰብ ማሳ ከተደረገው የተለየ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ በካሳ ግምት ላይ ድምፅ ይኑረው፤ ሴቶች አባላቱም ስማቸው በደብተሩ እንደሰፈረ ሁሉ ቃላቸው በቃለ ጉባኤው ይስፈር። የወረዳው ምክር ቤት ከሊዝ ገቢ ተነሺዎች ባሉበት ቀበሌ የሚቀረውን ድርሻ ይወስን። እነዚህ አዲስ ሕገ መንግሥት የሚጠይቁ አይደሉም፤ አብዛኛዎቹ በተጻፉት አዋጆች ውስጥ ቦታ አላቸው፣ የቀሩትም በክልሉ ምክር ቤት ደንብ የሚፈቱ ናቸው።

ተቃውሞው የታወቀ ነው። ቀበሌ አቅም የለውም፣ ኮሚቴው በዝምድናና በጉቦ ይታማል፣ ሁሉም ቀበሌ እንዲወስን ከተፈቀደ ሀገራዊ መሠረተ ልማት አይንቀሳቀስም ይባላል። ሐሜቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ በመሬት ምዝገባውም ጊዜ የአቅመ ደካማና የመበለት መሬት በኮሚቴ አባላት ዘመዶች ስም የተመዘገበበት ሁኔታ በፍርድ ቤቶች ክርክር ሆኖ ቀርቧል። ነገር ግን ከሩቅ የሚሰጥ ውሳኔም ከስሕተት አልዳነም። የባቡር መስመሩ የጊዜ ሰሌዳ የተሳሳተው ቀበሌ ውስጥ አልነበረም። የቀበሌ ስሕተት በቀበሌው ሰው ይታወቃል፣ በጎረቤት ይነገራል፣ በምርጫ ይስተካከላል፤ የሩቁ ስሕተት ግን ለማን አቤት ተብሎ እንደሚመለስ እንኳ ግልጽ አይደለም። የ2011ዱ አዋጅ አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋሙ ያዘዘው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ለሐራ ገበሬ ጉባኤው የሚቀመጥበት ርቀት ግን በሕጉ ከተጻፈው ቀን ገደብ እኩል ያሳስበዋል። በእርሻ ወራት ለክርክር ወልዲያ የሚመላለስ ሰው አንድም ክርክሩን አንድም አዝመራውን ያጣል።

አዋጁ አንድ ሌላ ነገርም ይላል፤ ባለይዞታዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሒደት ሊመከሩ ይገባል። አንድ ዓመት በቆላ ቀመር አንድ የማሽላ ዘመን ነው፤ ከዘሩ እስከ አውድማው። ከኮምቦልቻ ወዲህ ያለው የባቡር ሥራ ዳግም ሲጀመር፣ ወይም የሐራ ከተማ ፕላን ሲከለስ፣ ያ ዓመት መቆጠር የሚጀምርበት ቀን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይኖርበታል። እስካሁን ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው የግብር መክፈያ ጊዜ ነው።